ታሳቢ የሚሆንለት ማን ነው?

በጥንቱ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ፍርዱ ቢዘገይ የሚጉላሉት ሁለቱም ናቸው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለፖሊስ ምርመራ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ፈቀደ፤ ቀጠሮው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አልገደበም። አሁን ታስሮ የሚጠብቀው ተከሳሹ ብቻ ነው። ማካካሻው ቅጣት ሲወሰን የምትነበብ አንዲት መስመር ናት፦ በእስር የቆየበት ጊዜ ይታሰብለት።

ፍትሐዊ ናት፤ የምትጠቅመው ግን የተፈረደበትን ነው። ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱ ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ተያዙ። ክሳቸው ተቋርጦ የተፈቱት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። ቅጣት ካልተወሰነ ያ 1 ዓመት ከ7 ወር ከምን ላይ ይቀነሳል?

ጥፋተኛ የተባለው የታሰረበት ቀን ይቆጠርለታል፤ ሳይፈረድበት የወጣው ግን «ሂድ» ተብሎ ይሸኛል። ለእንዲህ ያለው ሰው ካሳ በሕግ ሊደነገግ ይገባል። መዝገቡ ያለፍርድ ሲዘጋ መንግሥት እንደሚከፍል ቢታወቅ፣ ቀጠሮ ጠያቂውም ፈቃጁም ደጋግመው ያስቡበት ነበር።