የጣራና ግድግዳ ግብር ግምት፣ ቅሬታና የከተማ በጀት፦ በመርካቶ ቤትና ሱቅ ላላቸው ግብር ከፋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በተለምዶ «የጣራና ግድግዳ ግብር» የሚባለው ክፍያ በሕግ ስሙ የከተማ ቤት ግብር ነው። መሠረቱ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ሲሆን፣ የሚሰላውም በቤቱ የመሸጫ ዋጋ ላይ ሳይሆን ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገኛል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ ነው። ምጣኔው እንደ ግምቱ መጠን ከ1 በመቶ እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል።

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፋይናንስ ቢሮ በአዲስ ጥናት መሠረት የኪራይ ግምቱን ከፍ ባደረገ ጊዜ፣ የአዋጁ ምጣኔ አልተነካም። የተለወጠው ግምቱ ነው። ለከፋዩ ግን ውጤቱ ያው ነው፤ ከፍተኛው ምጣኔ ላይ ለደረሰ ቤት ግምቱ በ10,000 ብር በጨመረ ቁጥር ግብሩ በ450 ብር ያድጋል። ለረጅም ዓመታት ሳይነካ የቆየ ግምት በአንድ ጊዜ ሲስተካከል ጭማሪው መክበዱ አይቀርም። ግምትን በአስተዳደር ውሳኔ ማሳደግ ግብርን ያለ ሕግ ከመጨመር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ፣ እናት ፓርቲ ከተማ አስተዳደሩን ፍርድ ቤት ከሷል።

ክርክሩ በጀትንም ይነካል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የከተማው ምክር ቤት በጀቱን የሚያጸድቀው ይሰበሰባል ተብሎ በታቀደው ገቢ ልክ ነው። አዲስ አበባ ወጪዋን የምትሸፍነው በአመዛኙ ራሷ በምትሰበስበው ገቢ ሲሆን፣ ለ2016 በጀት ዓመት ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ፣ ለ2017 ደግሞ ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ጸድቋል። የንግድ ትርፍ ግብርንና የደመወዝ ግብርን ከመሰሉ ገቢዎች አንጻር የቤት ግብር ድርሻ ትንሽ ነው። ሆኖም ንግድ ሲቀዘቅዝ የትርፍ ግብር አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ቤት ግን ካለበት አይንቀሳቀስም። ችግሩ ግምቱ በክርክር ላይ ሲሆን ይታያል፤ በዕቅድ የተጻፈ፣ ግን ያልተሰበሰበ ገንዘብ የቦይ ጠረጋም ሆነ የመንገድ ጥገና ወጪ አይሸፍንም። በዚያን ጊዜ ከተማው ያለው ምርጫ ፕሮጀክት ማዘግየት ወይም ከሌላ ምንጭ መሰብሰብ ነው። በመርካቶ «ሌላ ምንጭ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ያው ነጋዴ ነው።

የመርካቶን ጉዳይ የሚያወሳስበው የይዞታው ዓይነት መብዛቱ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ አሁኑ ስፍራ ከተዛወረ ወዲህ በየተራው የተሠሩት ቤቶች ብዙ ባለቤት ቀይረዋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተላልፈዋል። በቀበሌ ወይም በሌላ የመንግሥት ቤት የሚነግድ ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት ስላልሆነ፣ በቤት ባለቤትነት ግብር ሊጠየቅ አይገባም። ነጋዴዎች በአክሲዮን በሠሯቸው የገበያ ማዕከላት ደግሞ ካርታው በማኅበሩ ስም ከሆነ ግብር ከፋዩ ማኅበሩ ነው፤ የሱቅ ባለድርሻ ቅሬታውን የሚያቀርበው በማኅበሩ በኩል ይሆናል።

ግምቱን የሚቃወም ባለቤት በቅድሚያ ግብሩ የበዛበትን ምክንያት መለየት አለበት። «በዛ» የሚል ማመልከቻ ብቻውን ብዙ አያራምድም። የቤቱ ስፋት በካሬ ሜትር፣ የተሠራበት ቁስ፣ የአካባቢው ደረጃና የቤቱ አገልግሎት በመዝገቡ ላይ በትክክል መሥፈራቸው አንድ በአንድ ይታያል። በአዲስ ከተማ ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ቤት ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቤት በሙሉ እንደ ንግድ ቤት ተመዝግቦ ከሆነ ሊከራከሩበት የሚገባው ነጥብ ይኸው ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድና ፕላን አብረው ይቀርባሉ። የኪራይ ውል በማስረጃነት የሚያያዝ ከሆነ፣ ለኪራይ ገቢ ግብር ከተገለጸው መጠን ጋር መስማማት አለበት፤ የኪራይ ገቢ ግብርና የቤት ግብር ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች ናቸው፤ አንዱን መክፈል ከሌላው ነጻ አያደርግም። ቅሬታው በግምት ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይገባል፤ ገቢ የተደረገበት ቀንና ቁጥር ያለበት ቅጂም በእጅ መቅረት አለበት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የንብረት ታክስ ነው። የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 መሠረት በጋራ ወስነው ሥልጣኑን ለክልሎች ከሰጡ በኋላ፣ የማዕቀፍ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ለሕንፃ የተቀመጠው ምጣኔ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ሲሆን፣ መነሻ የሚሆነው የንብረቱ ዋጋ 25 በመቶ ነው። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር የተገመተ ሕንፃ ታክሱ የሚሰላው በ1 ሚሊዮን ብር ላይ ነው፤ ይህም በዝቅተኛው ምጣኔ 1,000 ብር፣ በከፍተኛው 10,000 ብር ይሆናል። አዲሱ ስሌት በኪራይ ግምት ፋንታ የንብረቱን ዋጋ ቢከተልም፣ የስፋትና የአገልግሎት መረጃው የሚወሰደው ከዚያው መዝገብ ሊሆን ስለሚችል፣ ዛሬ ያልታረመ ስሕተት ወደዚያ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ የካርታና የቤት መረጃ እርማት ጥያቄ የክፍያ ወቅት ሳይደርስ ለወረዳው ቢቀርብ ይመረጣል።