በሙሉ ወይስ በብልት?

ጓዳ ጥግ አቧራ የለበሰ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። እንዳለ ልሽጠው ወይስ ፈታትቼ? ደላላው መጥቶ ዞር ዞር ይልና «ይኼ እኮ አይነሳም» ብሎ የብረት ዋጋ ይጠራል። ሶማሌ ተራ ያለው ነጋዴ ግን ካምቢዮውን ለብቻ፣ ቴስታታውን ለብቻ፣ ማርሚታውን ለብቻ ይገምታል። ሲደመር ከሙሉው ይበልጣል። (እነዚህን ስሞች ያወረሰን ጣሊያን ነው፤ ፍሬኑንም፣ ፍሪሲዮኑንም፣ ካንዴላውንም። ቋንቋችን ውስጥስ የገባው ድሮውንም ተፈታትቶ ነው።)

ነጋዴውን ስግብግብ ማለት ይቀናናል። እኔ አልልም። ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን ሞተር ብስክሌት በሕይወት የሚያቆየው የሞተ ወንድሙ ነው። አንዱ ሲፈታ አራት አምስቱ መንገድ ላይ ይውላሉ።

እንዲያውም የዚህ ነገር ትልቁ ታሪክ የተሠራው መርካቶ ሳይሆን እንግሊዝ አገር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንግሊዞች ድል አድርገዋል እንጂ ኪሳቸው ባዶ ነበር፤ ቤንዚን እንኳ እስከ 1950 ድረስ በራሽን ነበር። የመኪና ውድድር ያማራቸው ሰዎች ታዲያ 500 ሲሲ የሞተር ብስክሌት ሞተር የሚሸከሙ ትናንሽ መኪኖች ይሠሩ ጀመር። ቻርልስ ኩፐርና ልጁ ጆን በ1946 የመጀመሪያዋን ሲሠሩ የሁለት ፊያት ቶፖሊኖ የፊት ክፍሎችን ወስደው አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ ገጠሙ። ሞተሩን ከነጂው ጀርባ አደረጉት፤ ምክንያቱም የሞተር ብስክሌት ሞተር ኃይሉን የሚያስተላልፈው በሰንሰለት ነውና ለኋላ ጎማ መቅረብ ነበረበት። ያ ለችግር የተደረገ ነገር የውድድር መኪናን መልክ ለወጠ። በ1959 እና በ1960 ጃክ ብራብሃም የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሞተሯ ከኋላ በሆነ ኩፐር ነው።

ለነዚህ ትናንሽ መኪኖች ከሁሉ የሚመረጠው ሞተር የኖርተን ማንክስ ነበር። ኖርተን ግን ሞተሩን ለብቻው አልሸጥም አለ። ምን ይደረግ? ሰዎቹ ሞተር ብስክሌቱን በሙሉ እየገዙ ልቡን አወጡና ቀሪውን ሸጡት።

ልብ የሌለው ሞተር ብስክሌት ማን ይገዛል? ያኔ የቀረው ነገር እንዲሁ ቱቦ አልነበረም። የቤልፋስቱ ሰው ሬክስ ማክካንድለስ የነደፈው ሻንሲ ነው፤ በ1950 ውድድር ላይ ወጥቶ ምቾቱ «የላባ ፍራሽ» የሚል ስም ያሰጠው። ጎረምሶቹ ይህን ሻንሲ ገዝተው እንደ ልብ የሚገኘውን የትራያምፍን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ቀመሩበት። የትራያምፍንና የኖርተንን ስም ቆርጠው ገጠሙና «ትራይተን» አሉት። የትኛውም ፋብሪካ ያልሠራው ይህ ዲቃላ በ1965 በባርሴሎናው የ24 ሰዓት ውድድር ዴቭ ዴገንስ ከባልደረባው ጋር እየተፈራረቀ ሲነዳው አንደኛ ወጣ። ፋብሪካዎቹ ምን እንዳሉ አስቡት!

እንግዲህ መፍታት ሁልጊዜ መግደል አይደለም። ግን ሒሳቡ ሌላ ገጽ አለው። ዛሬ አሮጌ ማንክስ የሚፈልግ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ ይህ ሞተር ከዚህ ሻንሲ ጋር ነው ወይ ከፋብሪካ የወጣው? ያን ጊዜ የተለያዩትን ዛሬ ማገናኘት ጭንቅ ነው። የፈቱትን አልወቅስም፤ ለነሱ ያገለገለ ዕቃ እንጂ ቅርስ አልነበረም። ዕቃ ቅርስ የሚሆንበትን ቀን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም።

አፈታቱም እንደ አሠራሩ ይለያያል። ቬስፓን ውሰዱ። በ1946 ጣሊያን አገር ፒያጆ ሲያወጣው የነደፈው የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነበር። ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ የተጠፈጠፈው ላሜራ ራሱ አጥንትም ቆዳም ነው። ሞተሩን አውጥተህ ሌላ ብትተክልበት ቬስፓነቱ አይነካም። ላሜራውን በእሳት ከቆረጥከው ግን ቁጥሩም ስሙም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ኖርተንን የፈታና ቬስፓን የቆረጠ እኩል አይደሉም ባይ ነኝ።

የማውቃቸው አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸው ቬስፓ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ኖሯል። ልጆቹ ሒሳብ ሠርተው «ተፈትቶ ይሸጥ፣ ይሻላል» አሏቸው። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ገንዘቡም ያስፈልግ ነበር፤ ለጣሪያ። እናትየው «አባታችሁን ቅርጫ አታደርጉትም» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔን ምን ይሻላል ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ናፍቆትም ስለ ዋጋም አላወራሁም። ሊብሬው አለ ወይ አልኳቸው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚቆርጠው እሱ ነው። ሊብሬ የሌለውን ሞተር ብስክሌት በሙሉ ልሽጥ ብትል ገዢው ስም የሚያዛውርበት የለውም፤ ወደድክም ጠላህም መለዋወጫ ሆነ ማለት ነው።

ገብተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ሊብሬው ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር አብሮ ታጥፎ ተቀምጧል።