የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አመሠራረትና የዶርዜዎች ዘፈን

ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር፣ ሙዚቃችን የነጠላ ዜማ ሙዚቃ እንደ ሆነና የተለያዩ ድምፆችን ማቀናጀት ከውጭ የመጣ ዕውቀት እንደ ሆነ ይነገራል። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ታሪክ በቅርብ ለተመለከተ ግን ይህ አባባል ከግማሽ እውነት አያልፍም።

የኦርኬስትራው መሥራች ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1921 በካይሮ ተወለደ። በ1944 ከአንድ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ በተዋሰው፣ ድምፅን በማግኔት ሽቦ ላይ በሚቀርጽ መሣሪያ፣ የሴቶችን የዛር ሥርዐት ቀረጸ። የተቀረጸውንም ገደል ማሚቶውን እያበዛ፣ ከሰው ጉሮሮ የወጣ እስከማይመስል ድረስ ለወጠው። ሥራው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 ካቀረባቸው ሥራዎች በአራት ዓመት ይቀድማል። (ዛር ለእኛም እንግዳ ቃል እንዳይደለ ልብ ይሏል።) በ1959 ደግሞ በኒው ዮርክ፣ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ማዕከል፣ «ለይላና ባለቅኔው» የተሰኘውን ድርሰት ሠራ።

ይህ ሰው በ1962 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሲመጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይዞ መድረክ አልወጣም። በ1963 ያደራጀው ኦርኬስትራ የክራር፣ የመሰንቆ፣ የዋሽንት፣ የበገናና የእምቢልታ ነበር፤ አባላቱም እስከ ሠላሳ ይደርሱ ነበር። ችግሩ የተነሣውም እዚሁ ላይ ነው። መሰንቆ የአዝማሪው የብቻ ጓደኛ ነው። በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰባሰቡት ተጫዋቾች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አብረው ተጫውተው አያውቁም ነበር። በዘፋኙ ድምፅ ልክ ይቃኝ የነበረው ክራር፣ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ ለማይለወጠው ዋሽንት መገዛት ግድ ሆነበት። በእኔ ግምት ሐሊምን የረዳው ያ የሽቦ ትምህርት ነው፤ ድምፅን ከነበረበት ሥርዐት ነጥሎ፣ ጠባዩን መዝኖ፣ ከሌላ ድምፅ አጠገብ ማኖር። የተጎዳ ነገር አልነበረም አይባልም፤ በገና በጉባኤ መካከል ሲደረደር ዝምታውን ያጣል።

ሐሊም በ1964 ሄደ። ከ1966 ጀምሮ ኦርኬስትራውን የመራው ተስፋዬ ለማ በ1969 «የጥቁር ዓባይ ቡድን» በሚል ስም አሜሪካ ድረስ ወሰደው። በ1975 ተበተነ።

ማቀናጀት በሐሊም ተጀመረ ማለት ግን አይቻልም። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣሉ፤ ዜማው የሚወለደው ተቀባብለው ሲነፉ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎችማ ከዚህ ርቀው ሄደዋል። መሪው ዜማውን ሲያነሣ ሌላው በጎኑ የራሱን መንገድ ይዞ ይገባል፤ የቀሩት ከሥር ሆነው ይሸከሙታል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ዘፈናቸውን ቀርጾ ለዓለም አሰምቷል። የዘፈኑ ባለቤቶች ግን ኦርኬስትራው በስድስት ኪሎ በሚለማመድበት ዘመን፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ሽቅብ በእግር በሚደረስበት በሽሮ ሜዳ ሸማቸውን ይሠሩ ነበር።