የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ራም ጭማሪ እና የችግሮቹ ፍተሻ

የራም ጭማሪ ማለት የኮምፒውተርን ማኅደረ ትውስታ (ራም) ተጨማሪ ወይም ትልቅ ካርድ በመግጠም ማሳደግ ነው። ራም ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ሳለ ፕሮግራሞችንና መረጃዎችን ለጊዜው የሚይዝ ክፍል ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ከጭማሪ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢል አዲሱ ካርድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ካርዱ በደንብ አለመግባቱ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር አለመስማማቱ ወይም የሶፍትዌር ገደብ ነው። ስለዚህ ሌላ ካርድ ከመግዛት በፊት በቅደም ተከተል መፈተሽ ገንዘብ ያድናል።

ተስማሚነት

የራም ትውልዶች እርስ በርስ አይተካኩም፦
- ዲዲአር3 (እ.ኤ.አ. 2007)፦ 1.5 ቮልት፣ 240 የመገናኛ ጥርሶች
- ዲዲአር4 (እ.ኤ.አ. 2012)፦ 1.2 ቮልት፣ 288 ጥርሶች
- ዲዲአር5 (እ.ኤ.አ. 2020)፦ 1.1 ቮልት፣ 288 ጥርሶች

በካርዱ ጠርዝ ያለው ክፍተት በየትውልዱ ቦታው ስለሚለያይ የተሳሳተ ካርድ አይገባም፤ በጉልበት መጫን ስሎቱን ይሰብራል። አንዳንድ የሰርቨር ራም ግን በቅርጹ ተመሳስሎ ቢገባም በተራ ዴስክቶፕ አይሠራም። ፍጥነታቸው የተለያየ ካርዶች አብረው ሲገጠሙ በዝግተኛው ፍጥነት ይሠራሉ።

ከመግጠም በፊት

አስፈላጊ ፋይሎች በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ ይቀመጣሉ። ከዚያ ገመዱ ከሶኬት ይነቀልና የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ቀሪው ኤሌክትሪክ ይወጣል። በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው ጉለሌም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል አየሩ በበጋ ስለሚደርቅ ሰው ሠራሽ ልብስ በሰውነት ላይ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያከማቻል። ይህ ሰው ሳይሰማው ቺፕ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ከመያዙ በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙ ብረት ይነካል፤ ካርዱም በጠርዙ ብቻ ይያዛል።

ኮምፒውተሩ ሳይነሳ ሲቀር

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ወይም ተደጋጋሚ የቢፕ ድምፅ ከተሰማ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ገመዱን እየነቀሉ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል።
1. ካርዱ ወጥቶ እንደገና የስሎቱ መያዣ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ይገባል።
2. አሮጌው ካርድ ብቻውን ይሞከራል። ከሠራ ሌላው ክፍል ደህና ነው።
3. አዲሱ ካርድ በዚያው ስሎት ብቻውን ይሞከራል። እዚህ ካልሠራ ጥርጣሬው በካርዱ ወይም በተስማሚነቱ ላይ ነው። ከሠራ ደግሞ ሌላው ስሎት ይፈተሻል።
4. የቆሸሹ ጥርሶች በለስላሳ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ ይጠረጋሉ፤ ፍርፋሪው ወደ ስሎቱ መግባት የለበትም።
5. የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ሲመለስ የባዮስ ቅንብር ወደ መነሻው ይመለሳል።

መጠኑ አንሶ ሲታይ

ባዮስ 8 ጊጋባይት እያሳየ ዊንዶውስ ከ4 ያነሰ ቢያሳይ፣ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ሊሆን ይችላል። 32 ቢት 4,294,967,296 አድራሻዎችን ብቻ ይሰጣል፤ ይህም 4 ጊጋባይት ነው። መፍትሔው፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ባለ 64 ቢት መጫን ነው። ባዮስም አሳንሶ ካሳየ የማዘርቦርዱ ከፍተኛ ገደብ ይታያል።

ድብቅ ስህተት

ከሁሉ አደገኛው ኮምፒውተሩ ተነስቶ እየሠራ አልፎ አልፎ የሚሳሳት ራም ነው። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ትናንት የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ አልከፈት ይላል። በዚህ ጊዜ በሜምቴስት86 ወይም በዊንዶውስ የራም መፈተሻ ለረጅም ሰዓት ይፈተሻል፤ መብራት ቢቋረጥ ፍተሻው እንደገና ይጀመራል። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ካርዶቹ በየተራ ለብቻቸው ይፈተሻሉ። ጥፋተኛው ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ በኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ሥራ ማስቀመጥም ሆነ ዊንዶውስ እንደገና መጫን አይመከርም።