ጉንዳንን ያረሙ መሐንዲሶች

የኃይል መሐንዲሶች ከጉንዳንና ከወፍ ተማሩ ሲባል ተፈጥሮን እንዳለች የቀዱ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው፤ ሥራው የተቃናው የተፈጥሮን ጉድለት አይተው ባረሙበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የብራስልስ ተመራማሪዎች፣ እነ ዣን ልዊ ደነቡርግ፣ በአርጀንቲና ጉንዳኖች ጎጆና በምግባቸው መካከል ሁለት መንገድ ዘረጉ፤ አንዱ የሌላውን እጥፍ ይረዝማል። ጉንዳን በሄደችበት ሁሉ ጠረን ትጥላለች። በአጭሩ የሄዱት ቀድመው ስለሚመለሱ የዚያ መንገድ ጠረን ቶሎ በረታ፤ አብዛኞቹም አጭሩን ያዙ። ብዙ ያልተወራለት ሌላው ሙከራ ነው፦ መጀመሪያ ረጅሙ ብቻ ተሰጥቷቸው አጭሩ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲጨመር፣ አብዛኞቹ የለመዱትን ረጅም መንገድ አልለቀቁም።

ተመራማሪው ማርኮ ዶሪጎ በ1992 ለሚላኖ ፖሊቴክኒክ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ፣ አጭር መንገድ የሚፈልጉ የኮምፒውተር ጉንዳኖቹን ከዚህ ግትርነት የሚያላቅቅ መላ አበጀ፤ ጠረኑ በየዙሩ እንዲተን አደረገ። የድሮው ስህተት ካልተረሳ አዲሱ መንገድ አይገኝምና። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ኬኔዲና የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ራስል ኤበርሃርትም በ1995 ምርጥ መልስ የሚፈልግ የኮምፒውተር ስሌት ለመሥራት ከወፍ መንጋ ተነሡ። ወፎቹ የጎረቤታቸውን ፍጥነት እንዲከተሉ የሚያዘውን ደንብ ሲያወጡት ግን ፍለጋው ፈጠነ።

ይህ ለኤሌክትሪክ ምን ይፈይዳል? የከተማውን ፍላጎት በትንሹ የነዳጅ ወጪ ለማሟላት የትኛው ማመንጫ ስንት ሜጋዋት ያምርት የሚለው ጥያቄ የነዳጅ ወጪው ኩርባ ለስላሳ ሲሆን ቀላል ነው። በትልልቅ የእንፋሎት ተርባይኖች ግን ቫልቮቹ ተራ በተራ ሲከፈቱ ኩርባው ሞገዳማ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ብቻ የሚከተል ስሌት በመጀመሪያው ጎድጓዳ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ዋልተርስና ሼብሌ በ1993 ይህንኑ ችግር፣ እሱም ከተፈጥሮ ማለትም ከዝግመተ ለውጥ በተቀዳ የፍለጋ ዘዴ፣ በጄኔቲክ አልጎሪዝም ፈቱት፤ ዘዴው ወጪውን እንጂ ቁልቁለቱን አይጠይቅምና።

«በእነዚህ ዘዴዎች የተገኘው መልስ ምርጡ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም» የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። የአሜሪካ ትልልቅ የኃይል ገበያዎች ነገ የትኛው ማመንጫ ይብራ የሚለውን የሚወስኑት፣ መልሱ ከምርጡ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚርቅ በሚያሳይ የሒሳብ ዘዴ ነው። ተመራማሪዎቹ ዎልፐርትና ማክሬዲም በ1997 ለሁሉም ችግር የሚበልጥ አንድ ዘዴ እንደሌለ በሒሳብ አረጋግጠዋል። ይህ ግን የዘዴዎቹን ድንበር ያሰምራል እንጂ ከንቱ አያደርጋቸውም፤ ሒሳቡ የሚመች ከሆነ ሒሳቡ ይቅደም፣ ኩርባው ሲሰባበር ፍለጋው ይግባ። ዛሬ በየጊዜው በአዲስ እንስሳ ስም አልጎሪዝም ሲቀርብልን መጠየቅ ያለብን የእንስሳውን ስም አይደለም፤ የትኛውን ጉድለት አረመ ብለን ነው።