ለሌላ ሕመም የተሠራ መድኃኒት ለጆሮ ጩኸት



ባለፈው ዓመት በአንዱ ወርሃዊ ስብሰባችን፣ ቡናው እየተፈላ ሳለ «የጆሮዬ ጩኸት አላስተኛ አለኝ» ብዬ ተናገርኩ። አንዷ «ሰው እያማሽ ይሆናል» አለችኝ። ሌላዋ ጤና አዳም መከረችኝ። ሦስተኛዋ ቦርሳዋን ከፍታ ለልጇ የሚጥል በሽታ የታዘዘውን ካርባማዜፒን የሚባል ኪኒን ከነማሸጊያው ሰጠችኝ። «አክስቴን ከጆሮ ጩኸት ያዳናት ይኸው ነው» አለች። የሰጠችኝ ከልቧ ነበር፤ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ።

አራት ቀን ዋጥኩ። በአምስተኛው ቀን ራሴን አዞረኝና ከደረጃ ላይ ወደቅሁ፤ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። የባሰው ግን ሌላ ነው። የልጇ ኪኒን ወሩ ሳያልቅ አለቀ። ልጁ ሁለት ቀን ሳይውጥ ቆየ፤ በሦስተኛው ቀን በሽታው ጣለው። ደግነቱ ተርፏል።

እጄ በጀሶ ታስሮ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለጆሮ ይረዳል የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ባዶ ወሬ መስሎኝ ነበር። ሳነብና ሐኪሞችን ስጠይቅ ግን ከኋላው ረጅም ታሪክ እንዳለው ተረዳሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጆሮ ጩኸት ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሳይኖር የሚሰማ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከተለው የመስማት አቅም በዕድሜ ወይም በኃይለኛ ድምፅ ሲቀንስ ነው። መድኃኒትም ሊያመጣው ይችላል። ለወባ ኪኒን የዋጠ ሰው ጆሮው ጭው እንደሚል እናቶቻችን ያውቁ ነበር። አስፕሪንም ሲበዛ እንዲሁ ያደርጋል። እንግዲህ መድኃኒት ጆሮን ማስጮህ ከቻለ፣ ዝም ማሰኘትስ ለምን አይችልም? ሐኪሞቹም ይህንኑ ጠይቀዋል።

መልስ የመሰለው ነገር የመጣው ከስዊድን ነው። ሮበርት ባራኒ የውስጠኛው ጆሮ የሰውነትን ሚዛን እንዴት እንደሚጠብቅ በማጥናቱ የ1914ን የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሐኪም ነው። ሽልማቱ ሲታወጅ በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር፤ በኋላ በኡፕሳላ ከተማ ኖረ። ፕሮኬይን የተባለውን ማደንዘዣ አፍንጫ ውስጥ ሲወጋ የበሽተኛው የጆሮ ጩኸት ለጥቂት ጊዜ ጋብ እንደሚል አስተዋለ፤ በ1935ም ስለዚሁ ጻፈ። ማደንዘዣው ለጆሮ ጩኸት የተሠራ አልነበረም።

ቆይቶ ሊዶካይን መጣ። ይህም በ1943 እዚያው ስዊድን የተሠራ ማደንዘዣ ሲሆን፣ ለተዛባ የልብ ምትም ይሰጣል። በደም ሥር ሲሰጥ የብዙ በሽተኞችን የጆሮ ጩኸት ቀነሰ። ለዓመታት በጩኸት የኖረ ሰው ጸጥታ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ። ነገር ግን ጸጥታው የሚቆየው ለደቂቃዎች፣ ቢበዛ ለሰዓታት ነበር። በአፍ ቢዋጥ አብዛኛውን ጉበት ያከሽፈዋል። በደም ሥር ሲበዛ ደግሞ ልብን ይጎዳል፤ ሰውነትንም ያንቀጠቅጣል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች በአፍ የሚዋጥ ዘመዱን ፍለጋ ወጡ። ለልብ ምት የተሠራው ቶካይናይድ ተሞከረ፤ ብዙ አልረዳም፤ በደምና በሳንባ ላይም ከባድ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ ነበር። እኔ የዋጥኩት ካርባማዜፒንም በዚሁ መንገድ ወደ ጆሮ ሕክምና ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተስፋ ሰጡ። ከአምሳያ ኪኒን ጋር ሲነጻጸር ግን የጎላ ብልጫ አላሳየም።

አምሳያ ኪኒን ማለት መልኩ የመድኃኒት፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ በ1993 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ያስረዳል። ኖርትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ለጆሮ ጩኸት በተሞከረበት በዚህ ጥናት፣ አምሳያውን ከዋጡት ከመቶ 40 ያህሉ «ረድቶኛል» ብለዋል። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። ጩኸቱ በራሱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ተስፋም ያቀለዋል። «እከሊትን አዳናት» የሚለው ምስክርነት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው።

የእህታችን አክስት ግን በእርግጥ ተረድታ ይሆናል። እንደ ታይፕ መኪና ወይም እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ የሚንጣጣ፣ ብዙ የማያጋጥም የጆሮ ጩኸት አለ፤ ለዚያ ካርባማዜፒን ይሠራል። የእኔ ጩኸት ግን እንደ ፉጨት የማያቋርጥ ነው። አንድ ስም ያለው ሕመም ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ይህን መለየት የሚችለው የሚመረምር ሐኪም እንጂ ቡና አጣጪ አይደለም።

ለእኛ ለሴቶች የሚጨመር ነገር አለ። ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ያዳክማል፤ ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። ለጨጓራ ቁስለት የተሠራው ሚሶፕሮስቶልም ለጆሮ ጩኸት ተሞክሮ ነበር፤ እሱ ደግሞ ማህፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው። የሰው ኪኒን የምትውጥ ሴት እርጉዝ መሆኗን ገና ላታውቅ ትችላለች።

በ2014 የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ የድባቴ፣ የሚጥል በሽታና የጭንቀት መድኃኒቶች ለጆሮ ጩኸት ተብለው በዘልማድ እንዳይታዘዙ መክሯል። የመከረው የመስማት ምርመራን፣ ጉድለት ካለም የመስሚያ መሣሪያን፣ እንዲሁም ጩኸቱን ተቋቁሞ መኖርን የሚያስተምር የምክር ሕክምናን ነው።

ይህ ማለት የሌላ ሕመም መድኃኒት መሞከር ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የሕክምና ታሪክ በእንዲህ ያለ ሙከራ የተሞላ ነው። ግን ሐኪም ሲሞክር ያለሽበትን ሁኔታ ጠይቆ፣ መጠኑን ወስኖ፣ ካልረዳ መቼ እንደሚቆም ነግሮ ነው። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላደረግሁም።

በመጨረሻ ተመርምሬ በሁለቱም ጆሮዬ የመስማት ጉድለት ተገኘ። ጩኸቱ ዛሬም አለ፤ ማታ ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ ስከፍት ይቀለኛል፤ እተኛለሁም። የልጁን ኪኒን ደግሞ አባላት አዋጥተን ከቁጠባ ሣጥናችን ተካነው።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በስብሰባችን ዳቦና ምክር እንካፈል፤ ኪኒን ግን አንካፈል። ሁለተኛ፣ አባላትና ለጋሾቻችን ከፈቀዱ፣ ከሣጥናችን ጥቂት ለጆሮ ምርመራ ይመደብ። ያን ቀን ከእርዳታ ሁሉ በላይ የሚያስፈልገኝ ወደ ሐኪም የሚያደርሰኝ ገንዘብና አብራኝ የምትሄድ እህት ነበረች።