በሥዕል ግርጌ የሚጻፍ ስም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ መልካም ሥራ የተነገረ ነው። ነገር ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውል ዘንድ አስቀድሞ አንድ ስፍራ ላይ መጻፍ ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳው ያሰብነውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የሰው መልክ በቀለም በተሣለበት፣ ወይም በፎቶግራፍ ተነሥቶ በሸራ ላይ በታተመበት ሥዕል ግርጌ የማን ስም ሊጻፍ ይገባል? አጻጻፉስ እንዴት ነው? የሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ያደረብን በበቆጂ ነው። ይህች የአርሲ ደጋ ከተማ ከአሰላ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ ተከብባ ትገኛለች። ከተማይቱ ትንሽ ስትሆን ልጆቿ ግን ስሟን ለዓለም አሰምተዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ሩጫ ከጥቁር አፍሪቃ ሴቶች መካከል የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የማራቶን ባለድል ሆነች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ሁለት ወርቅ አጠለቁ። በዚህም ምክንያት የበቆጂ ሰው መልክ በፎቶግራፍ እየተነሣ ባሕር ተሻገረ።

እኛም በከተማይቱ ባንድ ቤት ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ሯጭ መልክ በሸራ ታትሞ ተሰቅሎ አየን። ሯጩ ደረቱ ላይ በእስክርቢቶ ፈርሞበታል። ቀለሙ ግን በሸራው ድርና ማግ ላይ እየዘለለ ግማሹ ሳይወጣ ቀርቷል፤ የወጣውም ደብዝዟል። ፎቶግራፉን ያነሣው ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። የሮጠው ይታወቃል፤ ሩጫውን ለዓይን ያስቀረው እጅ ግን ተረስቷል። ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር የተነሣነውም ይህን ካየን በኋላ ነው።

በአገራችን ጥንታዊ ሥርዐት ሥዓሊ ስሙን መሰወር ይወድ ነበር። ሥዕሉ ለጸሎት የተሠራ ስለ ሆነ ክብሩ ለተሣለው ቅዱስ እንጂ ለሣለው እጅ አልነበረም። ሆኖም ስማቸውን የጻፉ ጥቂቶች አሉ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝ አንድ የእመቤታችን ሥዕል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) እንደ ተሠራና ሠሪውም ፍሬ ጽዮን እንደ ሆነ በላዩ የተጻፈው ቃል ይመሰክራል። የዚህ የአንድ ስም ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል። የታሪክ መርማሪዎች ይህን ሥዕል መነሻ አድርገው፣ ስም ያልተጻፈባቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከርሱ ጋር እያስተያዩ፣ የፍሬ ጽዮንንና የተከታዮቹን እጅ ለመለየት ቻሉ። ያ ስም ባይጻፍ ኖሮ ሥዓሊው ብቻ ሳይሆን መንገዱን የተከተሉት ሁሉ በጨለማ በቀሩ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከቬኒስ መጥቶ በኢትዮጵያ የኖረው ኒኮሎ ብራንካሌዎንም በሥራዎቹ ላይ ስሙን ጽፏል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሥዓሊ በአገራችን አግኝቶታል።

ከሥዓሊው ይልቅ በሥዕል ላይ በብዛት የሚገኘው ግን የአሠሪው ስም ነው። ሥዕሉን ያሣለው ሰው በቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ ከአጠገቡም እገሌ ተማሕፀነ ተብሎ ይጻፋል። በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉት በዚሁ ልማድ ነው።

ሦስተኛው ባለመልኩ ራሱ የሚጽፈው ስም ነው። የጥንት ነገሥታት ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በማኅተም ነበር፤ ማኅተሙም የሚያርፈው በራስጌ እንጂ በግርጌ አልነበረም፤ የንጉሥ ስም ከቃሉ በላይ እንዲሆን ነው። ፎቶግራፍ በመጣ ጊዜ ግን ይህ ልማድ ሌላ መልክ ያዘ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለውጭ አገር መሪዎችና እንግዶች ፎቶግራፋቸውን በአማርኛ እየፈረሙ ይሰጡ ነበር። በዚህ ጊዜ ፊርማው የወዳጅነት ምልክት ነው፤ ይህን የሰጠሁህ እኔ ነኝ ማለት ነው እንጂ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት አይደለም። የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ያነሡ ከነበሩት መካከል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ይገኛሉ። ዛሬ የዚያን ዘመን መልክ ለማየት የምንችለው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ድካም ነው።

ስለዚህ በመልክ ሥዕል ላይ ሦስት ስሞች ይገናኛሉ ማለት ነው፤ የሠሪው፣ የአሠሪውና የባለመልኩ። ሦስቱም መብት አላቸው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለመልኩ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። እንደ ታዋቂነት ያለ ምክንያት ሲኖር ግን ፈቃድ እንደማያስፈልግ የሚቀጥለው ቍጥር ያመለክታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺውን ከሥራ አመንጪዎች ጋር ቈጥሮ፣ የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ የባለመልኩ ፊርማ የፎቶግራፍ አንሺውን ስም አይተካውም፤ የፎቶግራፍ አንሺውም ስም የባለመልኩን ፈቃድ አይተካውም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ፎቶግራፍን በሸራ ላይ ማውጣት በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ ተጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ሥዓሊዎች በፎቶግራፉ ላይ ቀለም እየደረቡ ስማቸውን ይጽፉበት ነበር። በዘመናችን ቀለሙን በረቂቅ ነጠብጣብ የሚረጭ ማተሚያ ስላለ ሥራው ቀሏል፤ ነገር ግን ሸራ ወረቀት አይደለም። ተራ እስክርቢቶ በሸንተረሩ ላይ ይዘላል፤ ቀለሙም በብርሃን ይጠፋል። ስለዚህ ለመፈረም ብርሃን የማያደበዝዘው ቀለም ያለው ቀጭን ብዕር፣ ወይም ቀጭን ብሩሽና አክሪሊክ ቀለም ይሻላል። አስቀድሞ ከተመሳሳይ ሸራ በተቈረጠ ቍራጭ ላይ መሞከር ይገባል። የታተመው ቀለም አንድ ቀን ያህል ከደረቀ በኋላ ይፈረማል፤ ፊርማው ሲደርቅ ቫርኒሹ ይቀባል። ሸራው በእንጨት ላይ ሲወጠር ጠርዙ ወደ ጎን ስለሚታጠፍ፣ ፊርማው ተጠቅልሎ እንዳይሰወር ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት።

ስፍራውን በተመለከተ፣ የሠሪው ስም በቀኝ በኩል በግርጌ በትንሹ ይጻፍ፤ ባለመልኩ ሊፈርም ቢወድ በግራ በኩል ይፈርም፤ በፊትና በዓይን ላይ ግን ማንም አይጻፍ። ከአንድ በላይ ከታተመ ከስንቱ ስንተኛው እንደ ሆነ ቍጥሩ ይመልከት፤ የኅትመት ሥዕል ባለቤቶች 1/25 እያሉ የሚጽፉት ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጀርባው ነው። በወጠረው እንጨት ላይ በእርሳስ የባለመልኩ ስም፣ ያነሣው ሰው ስም፣ ስፍራውና ቀኑ ይጻፍ። ፊት ለፊት ያለው ፊርማ ለተመልካች ነው፤ በጀርባ ያለው ለታሪክ ነው።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ያ የበቆጂ ሥዕል ከዓይናችን አልጠፋም። ዛሬ ባለቤቱን የሚያውቁ ጎረቤቶች አሉና ስም ባይጻፍበትም ችግር የለም ይባል ይሆናል። ጎረቤት ግን ያልፋል፤ ቤትም ይሸጣል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያን ሸራ የሚያነሣ ሰው የተነሣውንም ያነሣውንም ሳያውቅ እንዳይቀር፣ ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ተማሪዎቻችሁን የምታስተምሩ መምህራን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሥዕል የምታሰቅሉ ሹማምንት፣ ሸራውን ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ባዶ ከሆነ እርሳስ አንሡ።